የሙዚቃ ክበብ ይዞ መናገሻ ሱባ ማደር፦ ከፈቃድ ደብዳቤ እስከ ክራር ቅኝት

የክበብ ጉዞ ቀን ላይ አይበላሽም። ቀን ፀሐይ አለ፣ ምሳ አለ፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። የሚበላሸው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው፤ ብርዱ ሲወርድ፣ የማሲንቆው ቆዳ ሲረግብ፣ ጣት ሲደነዝዝ፣ እራቱም ገና እሳት ላይ ሲሆን። ስለዚህ ዕቅዳችሁን ከሌሊቱ ጀምሩ፤ ቀኑን ከዚያ በኋላ መሙላት አያስቸግርም።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ለ18 አባላት፣ ለአንድ ሹፌርና ለአንድ የአካባቢ ጠባቂ፣ በድምሩ ለ20 ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ እሁድ ከሰዓት መመለስ። ከ25 ሰው ካለፋችሁ በሁለት ዙር ብትሄዱ ይሻላል፤ ያለ ድምፅ ማጉያ ሁሉም ክራሩን ሊሰማ የሚችልበት ክብ ከዚያ በላይ አይሰፋም።

ቦታውና ወቅቱ

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። ከ2200 ሜትር ግድም ተነስቶ እስከ ወጨጫ ጫፍ፣ እስከ 3385 ሜትር ይደርሳል። ታችኛውን ጽድና ዝግባ ይዘውታል፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያ በላይ አስታ ይመጣል። ደኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ በትውፊት ይነገርለታል። እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ግን ከተማው ከጎን ስለሆነ ምሽቱ ጸጥ አይልም። የረር ተራራ ገላጣ ስለሆነ ነፋሱ ለዋሽንት ፈተና ነው፤ ነፋስ የዋሽንቱን አፍ በጎን ሲመታው ድምፁ ይቆራረጣል። ሱባ ላይ ዛፉ ነፋሱን ይሰብርላችኋል። ልጆች ወይም ብርድ የማይችሉ አረጋውያን ካሉባችሁ ግን ቢሾፍቱ ዝቅ ያለ፣ ወደ 1900 ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ሌሊቱ ለዘብ ይላል።

ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ህዳር አጋማሽ ነው። መሬቱ ደርቋል፣ ሣሩ ግን ገና አረንጓዴ ስለሆነ ፍንጣሪ ቶሎ አይዘው። ታህሳስና ጥር ሰማዩ የጠራ ነው፤ ንጋት ላይ ግን ውርጭ ሊጥል ይችላል፣ ሣሩም ይደርቃል። መጋቢትና ሚያዝያ የበልግ ዝናብ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አትሞክሩት፤ መንገዱም የመሣሪያዎቹ ቆዳም አይችለውም። ከቻላችሁ ለሙሉ ጨረቃ የቀረበ ቅዳሜ ምረጡ፤ ከድንኳን ወደ መጸዳጃ ለሚሄድ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ህዳር 15 የነቢያት ጾም እንደሚገባም አትርሱ፤ የምግብ ዝርዝራችሁን ይለውጠዋል።

ፈቃድ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት

ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ማህተም ያለው የክበቡን ደብዳቤ ጻፉ፦ የሰው ብዛት፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ የኃላፊው ስልክ፣ የአባላት ስም ዝርዝር፣ የመኪናው ሰሌዳ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ጨምሩ፤ «የምንይዛቸው ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ናቸው፤ ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ አንይዝም» የሚል። ይህች መስመር ብዙ ጥያቄ ታስቀራለች። ግልባጩን ለቀበሌው አስተዳደርና ለፖሊስ አድርሱ፣ ሦስት ኮፒም ከመታወቂያችሁ ጋር መኪናው ውስጥ ይኑር።

ደብዳቤውን ስታስገቡ አራት ነገር ጠይቁ፦ ድንኳን የሚተከለው የት ነው? እሳት የት ይፈቀዳል? ውሃና መጸዳጃ አለ? ጠባቂ በስንት ይቀጠራል? የአካባቢው ጸጥታ እንዴት እንደሆነም በግልጽ ጠይቁ። «ትንሽ ቆዩ» ከተባላችሁ ቀኑን ቀይሩ፤ አትከራከሩ። ክፍያ ሁሉ በደረሰኝ ይሁን።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሁለት ሰው ሄዶ ቦታውን ይይ። ወደ ደኑ በሰበታም በሆለታ መስመርም ይገባል፤ በሁለቱም የመጨረሻው ክፍል አስፋልት አይደለም። የትኛው እንደሚያስኬድ የሚነግራችሁ በዚያ ሳምንት ያየው ሰው ነው። ከተላኩት አንዱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ይሁን። ከአካባቢው ሰው ጋር በቋንቋው ሰላም ተባብሎ መጀመር ሌላውን ሁሉ ያቀልላችኋል።

መኪናው

ለ18 ሰውና ለመሣሪያዎቹ አንድ ኮስተር በኮንትራት ይበቃል። ከሹፌሩ ጋር ስትዋዋሉ ከመኪናው ጋር እንደሚያድር በግልጽ ተስማሙ፤ አበሉንም አስቡለት። አውርዷችሁ ተመልሶ እሁድ የሚመጣ ሹፌር ዋጋው ይቀንሳል። ግን ሌሊት ሰው ቢታመም መኪና የላችሁም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ግን ቁጥሩ አያድናችሁም፣ መኪናው ያድናል።

ድንኳን፣ ፍራሽና ጀሪካን ፖርቶመጋላ ላይ ይጫናል። መሣሪያ ግን ፈጽሞ ፖርቶመጋላ ላይ አይወጣም። ፀሐዩ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ጠጠሩ መንገድ ደግሞ ያንኑ የደረቀ ቆዳ ይንጠዋል፤ የከበሮ ጠፍር የሚበጠሰውና የክራር ገበቴ የሚሰነጠቀው እንደዚህ ነው። ክራሮቹን የኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኟቸው፤ በመካከላቸው ጋቢ አስገቡበት። ከመነሳታችሁ በፊት ክሮቹን አንድ ድምፅ ያህል አርግቡ። ከዚያ በላይ ካረገባችሁ ብርኩማው (ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ከቦታው ይንሸራተታል፤ ጫካ ውስጥ ትክክለኛ ቦታውን መልሶ ማግኘት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ጠዋት 1 ሰዓት ከጦር ኃይሎች ከተነሳችሁ በአየር ጤናና በዓለም ገና አድርጋችሁ ሰበታ ትደርሳላችሁ። ዓላማው ረፋድ 4 ሰዓት ግድም ደኑ ውስጥ መሆን ነው።

ድንኳን አተካከል

«ባለ 4 ሰው» የተባለ ድንኳን ከነሻንጣው የሚያሳድረው ሦስት ሰው ነው። ስለዚህ ለ18 ሰው 6 ድንኳን፣ ለመሣሪያ ብቻ አንድ ተጨማሪ። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ይተኛል።

የተፈቀደላችሁ ቦታ ላይ ሜዳው ዝቅ የሚልበትን ፈልጉና እዚያ አትትከሉ። ማታ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል፣ ዝቅ ያለው ሥፍራ ላይ ይተኛል፤ ጤዛውም እዚያ ይበረታል። ከሜዳው ወለል አሥር እርምጃ ያህል ከፍ በሉ። ቀና ብላችሁ ደግሞ የደረቀ ቅርንጫፍ እንደሌለ እዩ። ዳር ዳሩን ሳማና የጉንዳን መስመር መኖሩን ሳታረጋግጡ ምንም ነገር አትዘርጉ።

ከድንኳኑ ሥር ላስቲክ አንጥፉ፤ ጠርዙ ግን ከድንኳኑ ወለል በአራቱም ጎን አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ይግባ። ወጣ ካለ ጤዛውንና ዝናቡን ሰብስቦ ከሥራችሁ ያስገባዋል። ብርድ ከላይ ይመጣል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው፤ አጥንት ውስጥ የሚገባው ከመሬት ነው። አንድ ሰው ሦስት ብርድ ልብስ ካለው ሁለቱን ከስፖንጅ ፍራሹ ጋር ከሥሩ ያድርግ፣ አንዱን ከነጋቢው ይልበስ። ካልሲ ደረቅ ይሁን፤ ቀን የተለበሰው ላብ ይዟል።

ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። አመድ የለበሰ፣ የጠፋ የሚመስል ፍም እንኳ አይገባም። ጢስ ባይኖረውም የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ይህን ለእያንዳንዱ አባል ከመነሳታችሁ በፊት ተናገሩ፤ ማታ ሲበርዳቸው በመጀመሪያ የሚያስቡት ይህንኑ ነውና።

ውሃና ምግብ

ለመጠጥና ለማብሰያ በነፍስ ወከፍ በቀን 4 ሊትር ያዙ፦ 20 ሰው፣ ሁለት ቀን፣ 160 ሊትር። ባለ 20 ሊትር ስምንት ጀሪካን ማለት ነው። ለእጅ መታጠቢያና ለእሳት ማጥፊያ ሁለት ጨምሩ።

ቅዳሜ ምሳ ሁሉም በየምሳ ዕቃው ይዞ ይምጣ፤ ድንኳን እየተተከለ ምግብ ማብሰል ሁለቱንም ያበላሻል። እራት ሽሮ ይሁን፦ ጾመኛውም ሙስሊሙም ሳይለያይ ይበላዋል። 1.2 ኪሎ ሽሮ፣ 2.5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 1 ሊትር ዘይት፣ 4 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ 5 ሊትር ገደማ ውሃ ለ20 ሰው ያጠግባል። ቁሌቱን ዓርብ ማታ ቤት ሠርታችሁ በሚገጠም ዕቃ አምጡት፤ በኋላ የሚቀረው ውሃ አፍልቶ ሽሮውን መበተን ብቻ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሙሉ ምስር ከምታስቡት በላይ ይፈጃል፤ ለእሁድ ምሳ ክክ ምስር ያዙ፣ ጠዋት ላይ ዘፍዝፉት።

እንጀራ፦ ለእራት 30፣ ለእሁድ ቁርስ ፍርፍር 20፣ ለእሁድ ምሳ 30፣ በድምሩ 80። ትኩሱን በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ያልበዋል፣ እሁድ ጠዋት ይሻግታል። በደንብ ቀዝቅዞ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ይግባ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለማታ ጨዋታ በበቂ ይኑር። ቡና ግማሽ ኪሎ፣ ሁለት ጀበና።

እንጨት ከደኑ አትልቀሙ። ቡታጋዝ ከነሲሊንደሩና ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል ይዛችሁ ሂዱ። እሳቱ በተፈቀደው ቦታ ብቻ፣ ከድንኳን ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ፣ አንድ ሙሉ ጀሪካንና አካፋ አጠገቡ ተቀምጦ። ጽድ ሙጫ አለው፤ ፍንጣሪ የነካው ደረቅ ቅጠሉ በአንዴ ቦግ ይላል።

እራት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይቅረብ። 12 ሰዓት ካለፈ ጨለማው ቶሎ ነው የሚመጣው፤ በባትሪ ብርሃን ሳህን ማጠብ ምሽቱን ይበላዋል።

መሣሪያዎቹ፣ ብርዱና ጤዛው

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። የመጣችሁት ለዚህ ነው።

ስትደርሱ የመሣሪያዎቹን ማህደር ወዲያው አትክፈቱ። ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ ከአየሩ ጋር ይላመድ። ከዚያ ቃኙና ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ተኩል በየመሣሪያችሁ ተከፋፍላችሁ ተለማመዱ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሆነው ይህ ነው። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል። የማሲንቆውን ፊት በጣት ጫፍ ነካ አድርጉት፤ ቀን ላይ «ተክ» ይል የነበረው አሁን «ዱፍ» ይላል። ብርኩማው የተቀመጠው በዚያው ቆዳ ላይ ስለሆነ አብሮ ዝቅ ይላል፣ ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። የብረት ክር ያለው ክራር ላይ ደግሞ ተቃራኒ ነገር ይደረባል፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ክሩ ይወጠራል። ሁለቱ እየተጓተቱ የክራሩ ቅኝት ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ የቃኛችሁት ለምሽቱ 1 ሰዓት ጨዋታ አያገለግልም፤ ከእራት በኋላ እንደ አዲስ ቃኙ፣ በየግማሽ ሰዓቱም አዳምጡት። ክሩ በጨርቅ ጥምጥም የተያዘ ክራር ከሆነ ጥምጥሙን ወደ ላይ ገፋ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጉት፤ በእርጥበት ይንሸራተታል።

ዋሽንት የራሱ ጠባይ አለው። ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፤ ከሞቀ ከሰዓት ወደ 10 ዲግሪ ምሽት ሲገባ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ሊወርድ ይችላል። ለጆሮ በግልጽ ይሰማል። ዋሽንት ደግሞ መቃኛ የለውም። ስለዚህ ተራው እንዲህ ነው፦ ዋሽንት ነፊው መሣሪያውን ጋቢው ሥር፣ ብብቱ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያሙቀው፤ ለስለስ አድርጎ ትንሽ ይንፋበት፤ ከዚያ አንድ ድምፅ ይያዝ። ክራሮቹና ማሲንቆዎቹ በእሱ ይቃኙ። በስልክ መቃኛ ተማምናችሁ ክራሩን አስቀድማችሁ ከቃኛችሁ ዋሽንቱ ሲገባ ሁሉም ሐሰተኛ ይመስላል፤ አጥፊው ዋሽንቱ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው።

ከበሮ ሲረግብ እሳት ዳር ይደረጋል፤ ነገር ግን አንድ ሜትር ተኩል ራቅ አድርጋችሁ፣ በሁለት እጅ ይዛችሁ፣ እያዟዟራችሁ፣ ከሦስት ደቂቃ ሳይበልጥ። መሬት ላይ አቁማችሁት ከሄዳችሁ በአንድ ጎኑ ብቻ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ማሲንቆን እሳት ዳር አታቅርቡት፤ ፊቱ ስስ ነው። ጋቢ ውስጥ ታቅፎ መቆየት ይበቃዋል። የደጋኑ የፈረስ ጭራ ጤዛ ከነካው ዕጣኑን ይለቅና ክሩ ላይ መንሸራተት ይጀምራል፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና ዕጣን እሹት። ለእያንዳንዱ ክራር አንድ ሙሉ የክር ስብስብ፣ ለሁሉም ማሲንቆ በጋራ ሁለት እስር ጭራ መጠባበቂያ ይያዝ።

ምሽቱ፦ አቀማመጥና ተራ

ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም። ከበሮው ያለ አንዳች ችግር ይሰማል፣ ክራሩ ግን ሦስት እርምጃ ሳይርቅ ይጠፋል። መኪናውን ጀርባ አድርጋችሁ በግማሽ ክብ ተቀመጡ፤ የመኪናው ጎን ድምፁን ወደ ፊት ይገፋዋል። ክራሮች ከፊት፣ ማሲንቆና ዋሽንት መሃል፣ ከበሮ 4 ሜትር ያህል ወደ ኋላ። ለአራት ክራር አንድ ከበሮ፣ እሱም ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ ተደርጎለት። አጨብጫቢው ከብዙኃኑ ጋር ይሁን እንጂ ክራሩ አጠገብ አይቁም። ዘፋኞች ጢሱ ከሚሄድበት በተቃራኒ ይቀመጡ፤ የደጋ ብርድና ጢስ አንድ ላይ ጉሮሮን በአንድ ሰዓት ይዘጉታል። ዝንጅብል ሻይ በቴርሞስ አጠገባቸው ይኑር።

የዘፈኖቹን ተራ በቅኝት (ዘፈኑ በሚመራባቸው አምስት ድምፆች) አቀናጁ፤ በብርድ ጣት ስድስት ክር መቃኘት ምሽቱን ይገድላል። ጥሩው መንገድ ይህ ነው። ከትዝታ ታናሹ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ዝቅ ያለ፣ ሶል፣ ላ ዝቅ ያለ) ጀምሩ። ወደ አምባሰል ለመሄድ ሬን በግማሽ ድምፅ ማውረድ፣ ዝቅ ያለውን ሚ ወደ ፋ ማውጣት ብቻ ነው። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ሶልን በግማሽ ማውረድ፣ ዝቅ ያለውን ላ በግማሽ ማውጣት። በሁለቱም ሽግግር ዶ አይነካም፤ ሁለት ድምፅ ብቻ ይለወጣል። ባቲ (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ግን ከነዚህ ይርቃል። ለእሱ ሁለት ክራር ለብቻ ቃኝታችሁ ጋቢ ውስጥ አቆዩዋቸው፣ ወይም ከሻይ ዕረፍት በኋላ አድርጉት።

በገና ይዞ የሚመጣ አባል ካለ ከዘፈኑ መካከል አታስገቡት። የጸሎት መሣሪያ ነው፤ እሁድ ረፋድ ለብቻው ቦታ ስጡት።

ከበሮው 3 ሰዓት ላይ ይቁም። በአካባቢው ገበሬዎች ይተኛሉ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ሌሊት ይቀድሳሉ። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ክራርና ድምፅ ብቻ፤ ብዙ ጊዜ የምሽቱ ምርጥ ሰዓት ይህ ነው፣ ደክሞት ዝም ያለ ሰው በደንብ ያዳምጣልና።

ከመተኛት በፊት

እሳቱ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ በአካፋ አገላብጡ፣ እንደገና አፍስሱ፣ በእጅ ጀርባ ሙቀት እስከማይሰማችሁ ድረስ። ምግብ፣ ቆሻሻና ያልታጠበ ድስት መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ጅብ ሰው ፈልጎ አይመጣም፣ ሽታ ተከትሎ ግን ይመጣል፤ ቆዳም ይበላል። ከበሮና ማሲንቆ ውጭ ካደሩ ጠዋት ላታገኟቸው ትችላላችሁ። ጫማም እንደዚሁ። ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሁለት ሁለት ሰው እየሆናችሁ በየሁለት ሰዓቱ ከጠባቂው ጋር ተረኛ ሁኑ፤ ስምንት ሰው ይበቃል። ማንም ብቻውን መጸዳጃ አይሂድ።

እሁድ

ጠዋት ድንኳኑ ውስጡም ውጭውም ረጥቦ ታገኙታላችሁ። የመሣሪያ ማህደሮችን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ነገር ግን እስከ 3 ሰዓት አትክፈቷቸው። የቀዘቀዘ ቆዳ ድንገት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ነው የሚቀደደው። በዚህ መሃል ፍርፍርና ቡና፣ ከዚያም ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። ጉሬዛዎቹ የሚታዩት ማለዳ ዛፍ አናት ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነው፤ ዝግ ብሎ ለሄደ የምኒልክ ድኩላም ይገጥማል። ሁለት ሰው ግን ሰፈሩን ይጠብቅ፤ ዝንጀሮና ጦጣ ዚፕ መክፈት ያውቃሉ።

ከ5 እስከ 6 ሰዓት ተኩል የመጨረሻው ልምምድ። ምሳ። 8 ሰዓት ላይ ተሰልፋችሁ ቦታውን ከዳር እስከ ዳር እየሄዳችሁ ልቀሙ፤ የክር ቁራጭ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የከረሜላ ላስቲክ። መውጫ ላይ ስማችሁን አስሰርዙ፣ ለጠባቂው ሒሳቡን በእጁ ስጡት።

ቤት ስትደርሱ መሣሪያዎቹን ከማህደር አውጥታችሁ ነፋስ በማይመታው ክፍል አንድ ሌሊት አሳድሯቸው፤ ሰኞ ማታ ቃኟቸው እንጂ እሁድ አትንኳቸው። ድንኳኖቹ በተጣጠፉበት ከቆዩ በሦስት ቀን ይሻግታሉ፤ በዚያው ምሽት ዘርጉና ሁለት ቀን ይድረቁ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኞቹንና የተረፈውን መዋጮ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ያቅርብ፤ የጎደለውን ዕቃ የሚጽፍ ሰውም እዚያው ተቀምጦ ይጻፍ።